ከእኔ በፊት የሚደወልላት

ለቅናቴ ሰበብ አልደረድርም። ቀናሁ፣ አለቀ። አንዳንዱ ሰው ሲቀና “መንፈሳዊ ቅናት ነው” እያለ ያሽሞነሙነዋል፤ የእኔው ግን ተራ የሰፈር ቅናት ነው፣ አንጀት የሚያሳርር፣ የበሉትን የማያስረጋ። የቀናሁትም በቤት ወይም በመኪና ወይም በሰው ባል አይደለም። በስልክ ጥሪ ነው። በእድራችን ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለእሷ ነው፤ ለእኔ ለፕሬዝዳንቷ አይደለም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ አስተዳደራችን ላውራ። እድራችን ዳላስ ውስጥ ሌክ ሃይላንድስ ካሉት አፓርታማዎች የተጠራቀምን፣ ጴንጤውም ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ያለበት እድር ነው። ድሮ አንድ ዳኛ ነበረን። ሰብሳቢም እሱ፣ ጸሐፊም እሱ፣ ቀብር ላይ ተናጋሪም እሱ፣ ሰው ሲጣላ ፈራጅም እሱ ነበር። ከወንበሩ ያወረደው ሂዩስተን ሥራ አግኝቶ መሄዱ ነው እንጂ እኛማ አቅቶን ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ ከእንግዲህ እንዴት እንተዳደር ብለን የአፓርታማው ክለብ ሃውስ ውስጥ ተሰበሰብን። ያኔ ነው መምህር ብድግ ያሉት።

መምህር አገር ቤት ታሪክ ሲያስተምሩ ያረጁ፣ አሜሪካ ከመግባታቸው በፊት ማልታ የምትባል ደሴት ላይ በስደት ጥቂት ዓመታት የኖሩ አዛውንት ናቸው። ማልታ ከዳላስ ከተማ ታንሳለች አሉን። ታንሳለች ግን ሪፐብሊክ ናት፤ ፓርላማ አላት፣ ፕሬዝዳንት አላት፣ ጠቅላይ ሚኒስትር አላት። ፕሬዝዳንቱን ፓርላማው ይመርጠዋል፣ ይከበራል፣ በበዓል ፊት ይቆማል፤ ሕግ ሲመጣለት ግን ሳያዘገይ ይፈርማል እንጂ “አልፈርምም” የሚል አፍ የለውም። ሥራውን የሚሠራው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፤ እሱ ደግሞ ፓርላማው እምነት ያጣበት ዕለት ይወርዳል። እኛ “ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” ሲባል ያደግን ሰዎች አፋችንን ከፍተን ሰማናቸው። በመጨረሻ እንዲህ አሉ፤

“ክብርና ሥልጣን አንድ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ነው ሰው የሚባልገው። እኛ እንለያያቸው።”

አጨበጨብን። እኔ እንዲያውም ከሁሉም ቀድሜ ነው ያጨበጨብኩት። ማን ያውቃል ክብሩ ለእኔ፣ ሥልጣኑ ለእሷ እንደሚደርስ።

ምርጫውም እንደ ማልታ ይሁን ተባለ። አባሉ የሚፈልጋቸውን ሰዎች አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ በቅደም ተከተል ይጽፋል፤ አንደኛው ከሞላለት ወይም ካልሆነለት ድምፁ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። ወረቀቱ ሲቆጠር እዚያው ነበርኩ። እሷ ከወረቀት ወረቀት አንደኛ ናት። እኔ ከወረቀት ወረቀት ሁለተኛ ነኝ። የቤተ ክርስቲያን ጓደኞቼ ሳይቀሩ፣ ልጆቻቸውን በነፃ የጠበቅኩላቸው ሰዎች ሳይቀሩ፣ ሁለተኛ! ሁለታችንም ምክር ቤት ገባን። ምክር ቤቱ እሷን ሰብሳቢ አደረገ፤ ሰብሳቢ ማለት የእኛ ጠቅላይ ሚኒስትር ማለት ነው። እኔን ደግሞ “ትልቅ ሰው ናት” ብሎ ፕሬዝዳንት አደረገኝ፤ ፕሬዝዳንት የሆነ ደግሞ ከምክር ቤቱ ይወጣል። ማኪኒ የምትኖረው ልጄ፣ አሜሪካ ያደገችው፣ ሥራዬን ዘርዝሬ ስነግራት በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ “ሶ ማሚ፣ አንቺ ላይክ ንግሥት ነሽ። ግን ቤተ መንግሥት የለሽም” አለችኝ። ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ሰብሳቢዋን ከኤርፖርት የተቀበልኳት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የተኛችው የእኔ ሶፋ ላይ ነው። መንዳት ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ፓርክ ስታደርግ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ያጎበጠችበት ቦታ ዛሬም ይታያል። አሁን በሽተኛ የሚያመላልሱ መኪናዎችን የሚያሰማራ ድርጅት ውስጥ ዲስፓቸር ናት፤ ቀኑን ሙሉ ማን የት እንዳለ፣ ማን ስንት ሰዓት እንደሚለቀቅ በስልክ ስትከታተል ትውላለች። ክፋት ቢኖርባት እፎይ ባልኩ ነበር። የላትም። ሰው ሲያመሰግናት ቶሎ ወሬ ትቀይራለች፣ እኔን “እትዬ” ሳትል አትጠራኝም። በእንዲህ ዓይነቷ ሰው መቅናት እንዴት እንደሚያደክም የቀና ያውቀዋል።

አሁን ስለ መርዶ ልናገር፣ የኔና የሷ ነገር ያለው እዚያ ላይ ነውና። ሰው አገር ቤት ዘመዱ ሲሞትበት መንገድ ላይ እየነዳ ወይም ሥራ ቦታ ቆሞ መስማት የለበትም። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል አገር ቤት ላለው ቤተሰቡ የሰብሳቢዋን ስልክ እንዲሰጥ ደንብ አወጣን። የሞት ወሬ መጀመሪያ ለእሷ ይደርሳል። እሷ ሐዘንተኛው መቼ ኦፍ እንደሆነ ታጣራለች፣ የቤቱን ሰው በምስጢር ታነጋግራለች፣ ስልኩን ያስደብቁታል፣ ከዚያ ማለዳ ላይ ሰው ሰብስባ ትሄዳለች። በሩ ላይ ፊት የምቆመውና መርዶውን የምናገረው ግን እኔ ነኝ። ይህ በደንባችን ውስጥ የፕሬዝዳንቷ ሥራ ነው፤ የእኔ ብቸኛ ሥራ።

እናም ማታ ትደውልልኛለች። “እትዬ፣ ነገ በማለዳ ቤድፎርድ እንሂድ” ትለኛለች። ማን እንደሞተ፣ ለማን እንደምንናገር፣ የት ፓርክ እንደምናደርግ ትነግረኛለች። እኔ ጥቁሬን ለብሼ እወጣለሁ። ሁሉም ሰው ከእኔ በፊት ያውቃል፤ ምግብ የምትሠራው ታውቃለች፣ ወንበር የሚጭነው ያውቃል። ፕሬዝዳንቷ የምትሰማው መጨረሻ ላይ ነው። እሺ፣ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ ተሹሞ የሚበላው የሌለውስ ምን ይሁን?

ያን ቀን ቤድፎርድ የሆነውን አልረሳውም። አባቷ የሞቱባት ሴት በሯን ከፈተች። እኔ ፊት ቆሜያለሁ። ቃሌን እንደ ልማዴ ከሩቅ ጀመርኩ፤ ይህች ዓለም ጠፊ ናት፣ ሁላችንም መንገደኞች ነን፣ የቀደመን እንጂ የቀረ የለም እያልኩ አቀረብኩት። መርዶ መናገር እችላለሁ፣ በዚህ ሰው አያማኝም። ሴትዮዋ ሲገባት እጆቼን ዘረጋሁላት። በትከሻዬ አልፋ ሮጠችና ሰብሳቢዋ እቅፍ ውስጥ ወደቀች። እጆቼ እንደተዘረጉ ቀሩ። ቀስ ብዬ ነጠላዬን የማስተካክል መሰልኩ። ያን ቀን ደሜ ፈላ፤ በሰው ለቅሶ ላይ ቆሜ ስለራሴ አለቀስኩ፣ ሰው ግን ለሟቹ መሰለው።

ይህን ሁሉ የምነግረው አንድ ሰው ነበረኝ፤ ደብረ ብርሃን የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ። እናትና አባታችን በልጅነቴ ስለሞቱ ያሳደገኝ እሱ ነው። እሁድ እሁድ ይደውልልኛል። ፕሬዝዳንት መባሌን ስነግረው ለጎረቤት ሁሉ አውርቶታል፤ ስልኩን ሳነሳው “ክብርት ፕሬዝዳንት፣ ሪፐብሊኩ እንዴት አደረ?” ይለኛል። እየቀለደ ነው፣ ግን ኮርቷል፤ ወንድሜን አውቀዋለሁ። በዚህ ዓለም ላይ ሁለተኛ አድርጎ ያልጻፈኝ ሰው እሱ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ስለ ሰብሳቢዋ ሳማርር ይስቃል። “አንቺ ከሕፃንነትሽ ጀምሮ የሌላ ልጅ ሳቅፍ ታለቅሺ ነበር” ይለኛል። እኔም እስቃለሁ፣ ንዴቴም በረድ ይላል።

ከዚያ በኋላ ነው ሰብሳቢዋ ያለ እኔ መርዶ የተናገረችው። እኔ የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፣ ያን ጠዋት ሺፍት ላይ ነበርኩ። ወሬው ሶሻል ሚዲያ ላይ ወጥቶ ስለነበር ሐዘንተኛው ሳያየው ልድረስ ብላ ሄደች፤ ራሷ ነገረችው። በኋላ ደውላ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ሰው ሁሉ ስለዚያ መርዶ አወራ፣ እንዴት ለስለስ አድርጋ እንደተናገረች፣ እንዴት እንዳጽናናችው። ይቅርታውን ዋጥኩት፣ ሙገሳው ግን አልዋጥ አለኝ። አንዲት ሥራ ነበረችኝ፣ እሷንም ወሰደቻት!

መምህር ዘንድ ሄድኩና “ደንብ ጥሳለች፣ እምነት የለንም ተብሎ ድምፅ ይሰጥባት” አልኳቸው። መምህር መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ ፕሬዝዳንት እንዲህ ያለ ጥያቄ እንደማታቀርብ፣ ማቅረብ የሚችለው የምክር ቤት አባል ብቻ እንደሆነ፣ እኔ ገለልተኛ መሆን እንዳለብኝ አስረዱኝ። ሰብሳቢዋ ከወደቀች ግን ቀጥሎ ሥራውን ማን ይሞክር ብሎ መጋበዝ የፕሬዝዳንቷ ፋንታ ነው አሉ። ከንግግራቸው ሁሉ የሰማሁት ይቺን የመጨረሻዋን ብቻ ነው። እሷ ትውደቅ፣ እኔ እጋብዛለሁ፤ ማንን እንደምጋብዝም አውቃለሁ፣ የምላትን የምትሰማ ጸጥ ያለች ልጅ ነበረች።

በጓዳ መሥራት ጀመርኩ። ከሥራ ስወጣ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ለምክር ቤት አባላት እደውላለሁ። አንዱን “እስከ መቼ በአንድ ሰው እንመራለን?” እለዋለሁ፤ ሌላዋን “ለአንቺ እናት ለቅሶ ዘግይታ አልነበር የመጣችው?” እላታለሁ። ጥያቄውን የሚያቀርብ አባል አገኘሁ። ድምፁም ሞላልኝ። ለቅዳሜ ሚቲንግ ተጠራ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ቤት ውስጥ እያንጎራጎርኩ ዕቃ ሳጥብ ባሌ “ምን ተገኘ?” አለኝ።

በዚያ ሳምንት እሁድ ወንድሜ አልደወለም። እኔም አልደወልኩለትም፤ ድምፅ በማሰባሰብ ተጠምጄ ነበር፣ ኔትወርክ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ሰኞ ሰብሳቢዋ የእድሩ ግሩፕ ላይ ጻፈች፤ የቅዳሜው ሚቲንግ ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል፣ ምክንያቱን ወደፊት እንናገራለን። እሰይ፣ ፈራች! አልኩ። መውደቅ የማይወድ መሪ ሁሉ የሚያደርገው ይኸው አይደል፣ ምርጫውን ማስተላለፍ።

ግን ነገሩ እያደር ከፋ። ድምፅ እንሰጣለን ያሉኝ ሰዎች ስልኬን ማንሳት ተዉ። የሐበሻ ሱቅ ስገባ ሁለት የእድራችን ሴቶች ወሬያቸውን አቋርጠው በርበሬ ማገላበጥ ያዙ፤ ስወጣ አንዷ ያለ ወትሮዋ እቅፍ አድርጋ ሳመችኝ። የይሁዳ መሳም አልኩ በሆዴ። ባሌ ስልኬን ወስዶ “አፕዴት ያስፈልገዋል፣ ይቆይልኝ” አለ፤ ያ ሰውዬ የራሱን ስልክ አፕዴት ማድረግ የማያውቅ! እሱንም ገዝታብኛለች አልኩ። ሐሙስ ማታ ልጄ ከማኪኒ ልብሷን በሻንጣ ይዛ መጣች፤ “ናፈቅሽኝ” አለች። ዓርብን ከሥራ ቀርታ አብራኝ ዋለች። መስታወት ፊት ቆሜ ለሚቲንጉ ያዘጋጀሁትን ንግግር ስለማመድ አልጋዬ ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ምን ሆነሽ ነው ስላት “ኖ፣ የሴዳር አለርጂ ነው” አለችኝ። ዳላስ በብርዱ ወራት የሴዳር ዛፍ ብናኝ የማያስነጥሰው ሰው የለምና አመንኳት።

በስንቱ በር ላይ መርዶ የተናገርኩ ሴት ነኝ። ስልክ እንዴት እንደሚደበቅ፣ ሐዘንተኛው እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ልጅ ከሩቅ እንዴት እንደምትጠራ ጠንቅቄ አውቃለሁ። ሁሉም ምልክት በቤቴ እየተራመደ እኔ የማየው የእሷን ተንኮል ብቻ ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ስከፍተው ደረጃው እስከ ታች ሰው ሞልቷል። ፊት መምህር በምርኩዛቸው ቆመዋል፣ ከኋላቸው የምክር ቤት አባላት፣ ከዚያ ሰብሳቢዋ። ገባኝ አልኩ፤ ሽማግሌ ይዛ መጣች፣ ጥያቄውን አስቀሪልኝ ልትለኝ ነው። እንደዚያ ቀን ድል ተሰምቶኝ አያውቅም። የተለማመድኩት ንግግር ሁሉ ምላሴ ላይ መጣ።

“ልትለምኑኝ ከሆነ አትድከሙ” አልኳቸው። ደንብ ደንብ ነው አልኩ፤ ማንም ከደንብ በላይ አይደለም፣ በማልታ ቢሆን እስካሁን ወርዳ ነበር፣ ሥራ ያስለመድኳት እኔ፣ ያጎረስኩበት እጄ ተነከሰ። ድምፄ ደረጃውን አልፎ ፓርኪንጉ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። አንዱ እንኳ “አይ እትዬ” አላለኝም። መምህር አንዴ አፋቸውን ከፈቱ፣ ተመልሰው መሬት መሬቱን አዩ። እኔ በሌለሁበት ፊት የሚቆሙት እሳቸው ናቸው፤ ቃሉ ግን አልወጣላቸውም። ልጄ ከኋላዬ ወገቤን ያዘችኝ።

ሰብሳቢዋ ሰዎቹን በእጇ እየገለጠች መጣችና ሁለት እጄን ያዘች።

“እትዬ፣ ወንድምሽ አርፈዋል።”

ይኸው ነው። ጠፊ ዓለም አላለች፣ መንገደኛ አላለች። የጮህኩትን አላስታውስም፤ ባሌ እንደነገረኝ እንድትለቀኝ እየገፋኋት ነበር፣ እሷም አልለቀቀችኝም። እኔ የማስታውሰው ልቤ ለሁለት እየተሰነጠቀ እንኳ አንድ ሐሳብ ብልጭ እንዳለብኝ ነው፤ ከእኔ ይልቅ ትችልበታለች።

ሳሎናችን ፍራሽ ተነጥፎ ለቅሶ ተቀመጥኩ። ሰው ይገባል፣ ያቅፈኛል፣ ያለቅሳል፣ ከዚያ ዞር ብሎ “ሰብሳቢዋ የት ናት?” ይላል። ወንበር የጎደለበት እሷን ይጠይቃል፣ ፓርኪንግ ያጣው ለእሷ ኮል ያደርጋል፣ ደብረ ብርሃን ቀብሩ እንዴት ሆነ የሚለውም ከእሷ ይሰማል። የወንድሜ ለቅሶ ነው፤ የቤቱ ጌታ ግን እሷ ነበረች። ማንም ስለ ሚቲንግ፣ ስለ ድምፅ ትንፍሽ አላለም።

ሰው ሲቀንስ አጠገቤ ፍራሹ ላይ መጥታ ተቀመጠች። ማን ደውሎ ነገረሽ ብዬ ጠየቅኳት፤ የወንድሜ ሚስት ወይም ልጁ ትለኛለች ብዬ።

“እሳቸው ራሳቸው ቀድመው ደውለውልኝ ነበር” አለችኝ።

መታመሙን ያወቀው ከብዙ ወራት በፊት ነው። በእድሩ ደንብ ለቤተሰቤ የላክሁትን ያንን የእሷን ስልክ ቁጥር ይዞ ደወለላት። ለእህቴ አትንገሪያት፣ ያለፍኩ ቀን ሥራ ላይ ሆና እንዳትሰማ አደራ፣ ልጇን አስመጪላት፣ ቁጣ አለባት እንዳትቀየሚያት ብሎ ለምኗታል። ከዚያም በየጊዜው ይደውልላት ነበር። እሁድ ከእኔ ጋር ስለ ሪፐብሊኩ እየሳቀ አውርቶ ይዘጋል፣ በሌላው ቀን ስለ ሞቱ ከእሷ ጋር ይመካከራል። እሷም የሆስፒታሉን ነገር ትከታተልለት፣ ታጽናናው ነበር። እኔ እሷን ላወርድ ድምፅ ስለምን ከርሜ፣ እሷ የወንድሜን ምስጢር ይዛ “እትዬ” እያለችኝ ኖራለች።

ማመስገን ነበረብኝ። አላመሰገንኳትም። በዚያ ፍራሽ ላይ፣ በጥቁር ልብስ፣ በእሷ እንደቀናሁት ያህል በማንም ቀንቼ አላውቅም። በገዛ ወንድሜ ምክንያት፣ በገዛ ዕንባዬ ፊት ቀናሁባት።

“ድምፁ እንዴት ነበር?” አልኳት።

“ይቆራረጥባቸው ነበር” አለችኝ። “ሁለት ቃል ተናግረው ያርፉ ነበር፤ ቶሎ ይደክማቸው ነበር።”

ከእኔ ጋር ሲያወራ አንድም ቀን ደክሞት አያውቅም።